ዙበይዳ ቢንት ጃዕፈር፦ ለመካ ውኃን የሰጡት እመቤት

ከመካ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በዐረፋት ሜዳ ዳርቻና በሙዝደሊፋ ዳገቶች ላይ፣ በድንጋይ ተገንብቶ እንደ እባብ የሚጥመለመል አሮጌ ቦይ ዛሬም ይታያል። ውኃ መውሰዱን ካቆመ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ በፊት ግን ከ1,100 ዓመታት በላይ የመካን ነዋሪና ከዓለም ዙሪያ ወደ ሐጅ የመጣውን እንግዳ ሲያጠጣ ኖሯል። ስሙ ዐይን ዙበይዳ ይባላል። በዐረብኛ ዐይን ማለት ማያ አካልም፣ የሚፈልቅ ምንጭም ነው፤ አማርኛም የምንጭን መፍለቂያ ዐይን ማለቱ ቃሉን ለአገራችን አንባቢ ቅርብ ያደርገዋል።

ምንጩ የተሰየመባቸው ዙበይዳ ቢንት ጃዕፈር፣ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ765 ገደማ ከዐባሳውያን ቤተ መንግሥት ተወለዱ። አያታቸው የባግዳድን ከተማ የቆረቆሩት ኸሊፋ አቡ ጃዕፈር አል-መንሱር ናቸው። ትክክለኛ ስማቸው አመቱል ዐዚዝ ነበር። አያትየው የሕፃኒቱን ድምቡሽ ማለትና የቆዳዋን ንጣት አይተው ከቅቤ ጋር በማመሳሰል ዙበይዳ እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ የቁልምጫው ስም የወጣውን ስም አስረስቶ ቀረ። አባታቸው ጃዕፈር ገና በልጅነታቸው ስለሞቱ ያደጉት በአያታቸው እጅ ነው። እናታቸው ሰልሰል ደግሞ የኸሊፋ አል-መህዲ ባለቤት የነበሩት የአል-ኸይዙራን እኅት ነበሩ። በዚህ የተነሣ ዙበይዳ ኋላ ያገቧቸው ሃሩን አር-ረሺድ በአባትም በእናትም ወገን የአጎትና የአክስት ልጃቸው ነበሩ።

ሠርጉ የተደረገው በ781 ዓመተ ምሕረት ገደማ በባግዳድ ነው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ድግሱ ለመጻፍ ቃል አጥሯቸው ነበር ማለት ይቻላል፤ ወርቁ በብር ሳሕን፣ ብሩ በወርቅ ሳሕን ተሞልቶ ለእንግዶች ተከፋፈለ ይላሉ። በዕለቱ ለሙሽሪት ከተሰጡት ዕቃዎች መካከል አንዲት ከቀድሞው የኡመያ ሥርወ መንግሥት የተወረሰች፣ በዕንቁና በከበሩ ድንጋዮች የተንቆጠቆጠች እጅጌ የለሽ ልብስ ትገኝበታለች። ይህች ልብስ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዳግመኛ ትነሣለች።

ሃሩን በ786 ኸሊፋ ሲሆኑ ዙበይዳ የግዛቱ ቀዳሚ እመቤት ሆኑ። የምቾት ኑሯቸው በየመጽሐፉ ተመዝግቧል። ጫማቸውን በዕንቁ ማስጌጥ የጀመሩ እርሳቸው ናቸው ይባላል፤ ማዕዳቸውም ከወርቅና ከብር ዕቃ በቀር አይቀርብበትም ነበር። በዚያው ቤት ውስጥ ግን ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ 100 ሴት አገልጋዮች በየተራ ያነቡ ስለነበር፣ ከቤተ መንግሥቱ የሚወጣው ድምፅ የንብ ቀፎን ይመስል እንደነበር ተጽፏል። ብልጭልጩንና ቅንነቱን ለመነጣጠል የሞከረ አንባቢ ሁለቱም በአንዲት ሴት ውስጥ አብረው እንደኖሩ መቀበል ሳይኖርበት አይቀርም። ደግሞም የግል ርስትና ገቢ የነበራቸው ባለጸጋ ስለነበሩ፣ የሚሰጡት ከባላቸው ኪስ ብቻ አልነበረም።

ስጦታቸውን ለመረዳት የመካን ጥማት ማወቅ ያስፈልጋል። መካ በደረቅ ተራሮች መካከል የተኛች፣ እህል የማይበቅልባት ሸለቆ ናት። በታላቁ መስጊድ ውስጥ የሚገኘው የዘምዘም ጉድጓድ ለምእመናን የከበረ ቢሆንም፣ በሐጅ ወቅት የሚጎርፈውን ሕዝብ፣ ግመሉንና ለመሥዋዕት የሚነዳውን ከብት ሁሉ ሊያረካ አይችልም ነበር። የተቀረው ውኃ ከሩቅ ጉድጓዶች በስልቻ እየተጫነ ይመጣና ይሸጣል። ዝናብ በጠፋባቸው ዓመታት የአንድ ስልቻ ውኃ ዋጋ እስከ አንድ ዲናር ደርሶ እንደነበር የባግዳዱ ሊቅ ኢብኑል ጀውዚ ጽፈዋል። አንድ ዲናር 4.25 ግራም ገደማ የሚመዝን የወርቅ ገንዘብ ነው። ከሩቅ አገር ስንቁን ጨርሶ ለደረሰ ድሃ ሑጃጅ ይህ ዋጋ ምን ማለት እንደነበረ ለመገመት አያዳግትም። ዙበይዳ ለሐጅ ወደ መካ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጉዘዋል፤ ችግሩንም በወሬ ሳይሆን በዐይናቸው አይተዋል።

በእስልምና ሰጪው ከሞተ በኋላም ጥቅሙ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ምጽዋት ሶደቃ ጃሪያ ይባላል፤ ጃሪያ ማለት የሚፈስ፣ የሚሮጥ ማለት ነው። ለተራበ አንድ ጊዜ እንጀራ መስጠት ምጽዋት ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ለመንገደኛ መተው ግን የሚፈስ ምጽዋት ነው። አሳቡ የሙስሊሞች ብቻ አይደለም። በሂንዱዎች ትውፊት ዳና የሚባለው ሃይማኖታዊ ስጦታ ለካህናትና ለችግረኞች ከሚሰጠው እህል፣ ከብትና ወርቅ ጎን ለጎን ለሕዝብ የሚቆፈርን ጉድጓድና ኩሬ፣ ለመንገደኛ የሚተከልን ዛፍ እንደ ታላቅ ጽድቅ ይቆጥራል። ውኃ ብርቅ በሆነበት አገር ሁሉ የሰጪነት መለኪያው ውኃ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ሥራው የተጀመረው ከሑነይን ነው። ሑነይን ከመካ በስተምሥራቅ ወደ ጣኢፍ አቅጣጫ የሚገኝ፣ በ630 በነቢዩ ሙሐመድ ዘመን በተደረገው ጦርነት የሚታወቅ ሸለቆ ነው። በዚያ የሚፈልቀው ምንጭ የተምር ዛፎችንና እርሻዎችን ያጠጣ ነበር። ዙበይዳ የአትክልት ስፍራውን በገንዘባቸው ገዙ፤ እርሻው እንዲቆም፣ ውኃውም ወደ መካ እንዲዞር አዘዙ። በመንገዱ ላይ ከየጎኑ የሚወርደውን የጎርፍና የምንጭ ውኃ የሚሰበስቡ መጋቢ ቦዮች ተጨመሩለት። ሁለተኛው መሥመር ከዋዲ ኑዕማን ተነሣ። ይህ ውኃ ከጣኢፍ ተራሮች ሰንሰለት አንዱ ከሆነው ከከራ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ፣ በዐረፋት የሚገኙትን የውኃ ማቆሪያዎች እየሞላ ወደ ሙዝደሊፋ ይዘልቃል። በሐጅ ዋና ቀን መላው ሕዝብ በዐረፋት ሜዳ ከፀሐይ በታች የሚውል በመሆኑ፣ በዚያ ቦታ ውኃ ማግኘት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር።

የቦዩ አሠራር ዛሬም ባለሙያዎችን ያስደንቃል። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መሥመር ያለ ምንም ማሽን፣ በመሬቱ ተዳፋት ብቻ ውኃውን ይነዳል። ተዳፋቱ ከበዛ ውኃው ግድግዳውን ይበላል፤ ካነሰ ደግሞ ደለል ይሞላዋል። ቦዩ ቦታ ቦታ ከመሬት በታች ይሄዳል፤ ቦታ ቦታ በተራራው ወገብ ላይ በግንብ ተደግፎ ይወጣል። ፀሐይ እንዳይመጠው፣ አሸዋም እንዳይደፍነው ላዩ በድንጋይ ተከድኗል። ጠራጊዎች የሚገቡባቸው ክፍት አፎችም በየርቀቱ ተትተውለታል። ይህን የጠረቡት ሠራተኞች ስም በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የንብረታቸው ኃላፊ ወጪው እጅግ ከባድ እንደሚሆን አስጠንቅቋቸው ነበር። ዙበይዳ ግን እያንዳንዱ የዶማ ምት አንድ ዲናር ቢያስወጣ እንኳ ሥራው እንዲቀጥል ማዘዛቸውን ኢብን ኸሊካን በታወቀው የሕይወት ታሪክ መድበላቸው መዝግበዋል። በጽሑፍ የቆየው አጠቃላይ ወጪ 1,700,000 ዲናር ነው። በወርቅ ክብደት ቢሰላ ከ7 ቶን ያልፋል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ሹማምንቱ የሒሳብ መዝገቡን ይዘው በጤግሮስ ወንዝ ዳር ወደሚገኘው ቤተ መንግሥታቸው እንደመጡ ይተረካል። ዙበይዳ መዝገቡን ተቀብለው ሳይገልጡ ወደ ወንዙ ጣሉት። ሒሳቡን ለሒሳብ ቀን ትተነዋል፤ ከእኛ ዘንድ ቀሪ ያለው መጥቶ ይውሰድ፤ ከእርሱ ዘንድ የእኛ ገንዘብ የቀረ ካለ ደግሞ ምረነዋል የሚል መንፈስ ያለው መልስም ሰጡ። ትረካው ውብ ነው። በዛሬ ኦዲተር ዐይን ሲታይ ግን የሚያስመሰግን አሠራር አይደለም፤ የመካው ሥራ የሰመረው መዝገቡ ስለተጣለ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት መሐንዲሶቹ እያንዳንዱን ክንድ በጥንቃቄ ስለለኩ ነው። ዙበይዳ በዚያ ቀን ያደረጉት የሰጡትን መልሶ አለመቁጠር ነበር።

ስጦታቸው በመካ ብቻ አልተወሰነም። ከኢራቋ ኩፋ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ መካ የሚደርሰው፣ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሑጃጆች መንገድ ከዙበይዳ በፊትም የነበረ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የዐባሳውያን ኸሊፋዎችም ምልክትና ማረፊያ አኑረውበት ነበር። ዙበይዳ ግን ጉድጓዶችን አስቆፈሩ፣ የዝናብ ውኃ የሚያቁሩ ታላላቅ ገንዳዎችን አስገነቡ፣ ማረፊያዎችን አቆሙ። መንገዱ እስከ ዛሬ ደርብ ዙበይዳ፣ ማለትም የዙበይዳ መንገድ ይባላል። 27 ዐበይት ጣቢያዎችና በመካከላቸው ሌሎች 27 ንኡሳን ማረፊያዎች ነበሩት። ድሃው ሑጃጅ በገንዘቡ ሊገዛው የማይችለውን ውኃ በየጣቢያው በነጻ ያገኝ ነበር።

መካ በዙበይዳ ሕይወት ውስጥ ሌላም ቦታ አላት። በ802 ሃሩን አር-ረሺድ ልጆቻቸውን ይዘው ሐጅ አደረጉ። የዙበይዳ ልጅ አል-አሚን ቀዳሚ ወራሽ እንዲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎም ከፋርሳዊት አገልጋይ የተወለደው ወንድሙ አል-መእሙን እንዲነግሥ፣ አንዱም በሌላው ላይ እንዳይነሣ ሁለቱ ወንድማማቾች በመሐላ ፈረሙ። ውሉም በካዕባ ውስጥ ተሰቀለ። ከዚህ የበለጠ የተቀደሰ የማኅደር ቦታ በምድር ላይ ሊታሰብ አይችልም ነበር። ሃሩን በ809 ሞቱ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ኸሊፋ አል-አሚን ውሉን ከመካ አስመጥተው አስቀደዱት። ጦርነቱም ተጀመረ።

እናትየው በዚህ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ አከራካሪ ነው። ልጃቸው እንዲነግሥ መፈለጋቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን የአል-አሚን የጦር አዛዥ ዐሊ ቢን ዒሳ ወደ አል-መእሙን ሲዘምት ሊሰናበታቸው በመጣ ጊዜ፣ የእንጀራ ልጃቸውን እንዳያዋርድ፣ በክፉ ቃል እንዳይናገረው፣ በፈረስም እኩል እንዳይጋልብ አደራ ብለው፣ ማሰር ካለበትም በብረት ሳይሆን እንዲያስርበት የብር ሰንሰለት እንደሰጡት ታሪክ ጸሐፊው አጥ-ጠበሪ ዘግበዋል። ሰንሰለቱ አላስፈለገም፤ ዐሊ ቢን ዒሳ ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ ወደቀ። ባግዳድ ከአንድ ዓመት በላይ ተከበበች። በ813 አል-አሚን ተገደሉ።

ልጃቸው ሲሞት ዙበይዳ 50 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ተነሥተው ደሙን እንዲመልሱ የገፋፋቸውን ሰው ገሥጸው አባረሩት። ይልቁንም ሐዘናቸውን በግጥም አስጽፈው ለአል-መእሙን ላኩ፤ እርሳቸውም አንብበው እንዳለቀሱ ይነገራል። አል-መእሙን በ819 ባግዳድ ሲገቡ ዙበይዳ ተቀበሏቸው፤ ንብረታቸውም ክብራቸውም ተመለሰ። አንድ ልጅ ቀብሬ ሌላ ልጅ ተክቶልኛል የሚል ቃል እንደተናገሩ ይተረካል። ይህ የልብ ቃል ይሁን የቤተ መንግሥት ብልሃት ከዚህ ርቀት ማንም ሊፈርድ አይችልም።

በ825 አል-መእሙን የሹማቸውን የአል-ሐሰን ቢን ሰህልን ልጅ ቡራንን ሲያገቡ፣ ዙበይዳ በሠርጉ ላይ ተገኙ። ያቺን በራሳቸው ሠርግ የተቀበሏትን በዕንቁ የተሠራች የኡመያ ልብስም ለሙሽሪት አለበሷት። ኸሊፋው ቡራንን የልብሽን ለምኚ ባሏት ጊዜ፣ አንዱ ልመናዋ ዙበይዳ ወደ ሐጅ እንዲሄዱ ይፈቀድላቸው የሚል ነበር፤ ኸሊፋውም ፈቀዱ። ለመካ ውኃ ያስገቡት ሴት መካን ለማየት የሌላ ሰው አማላጅነት አስፈልጓቸው ነበር።

ዙበይዳ በ831 በባግዳድ አርፈው በከተማይቱ የቁረይሾች መቃብር ተቀበሩ። መቃብራቸው በ1051 በተነሣ የከተማ ሁከት ከልጃቸው መቃብር ጋር ተቃጠለ። ዛሬ በባግዳድ የእመት ዙበይዳ መቃብር እየተባለ የሚጎበኘው ባለ ሾጣጣ ጉልላት ሕንፃ የእርሳቸው አይደለም፤ ከእርሳቸው ከ300 ዓመታት በላይ ዘግይቶ ለሌላ የኸሊፋ ቤተሰብ፣ ለዙሙሩድ ኻቱን የተሠራ ነው።

በመካ ግን ቦዩ ሰዎችን አሠልፎ ኖረ። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ስጦታ አይደለም፤ ጎርፍ ይንደዋል፣ አሸዋ ይሞላዋል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኸሊፋ አል-ሙተወኪል አስጠገኑት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የኤርቢሉ ገዥ ሙዘፈረዲን፣ በ1326 ደግሞ የሞንጎሎቹ አሚር ቹፓን ገንዘብ ልከው አስጠረጉት። ውኃው በተቋረጠ ቁጥር የስልቻው ዋጋ እንደገና ይሰቀል ነበር።

የዙበይዳ ሠራተኞች ሳይጨርሱት የቀሩት አንድ ነገር ነበር። የኑዕማን መሥመር ከሙዝደሊፋ አልፎ በጽኑ ዓለት ፊት በአንድ ታላቅ ጉድጓድ ቆሞ፣ ወደ ከተማይቱ ሳይገባ ቀርቶ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሑነይኑ መሥመር ሲደክም ይህን ቀሪ ሥራ ለመፈጸም ታሰበ። የኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ልጅ ልዕልት ሚህሪማህ፣ የመጀመሪያዋ ሰጪ ሴት ስለነበረች ማስፈጸሙም ለሴት ይገባል በማለት ወጪውን እንዲሸፍኑ አባታቸውን ለምነው ተፈቀደላቸው። ሥራው በ1560ዎቹ ተጀመረ። በአጭር ጊዜ ያልቃል ተብሎ የነበረው ቁፋሮ ዓለት ሲገጥመው ዘገየ። ሠራተኞቹ ሌሊቱን በዓለቱ ላይ እንጨት ሲያነዱ ያድሩና፣ ሲነጋ በእሳት የላላውን ድንጋይ ይፈነቅሉታል፤ ማታ ደግሞ ያነዳሉ። በመካ ዙሪያ እንጨት እስኪጠፋ ድረስ ነደደ። የተሾሙት ኃላፊዎች ተከታትለው ሞቱ፤ ሱልጣኑም ፍጻሜውን ሳያዩ በ1566 አረፉ። ከዐሥር ዓመት ገደማ ልፋት በኋላ የዐረፋት ውኃ ከተማይቱ ገባ።

ከመካ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በቀይ ባሕር ዳር የምትገኘው ጅዳ ግን የዙበይዳ ውኃ አልደረሳትም። ጅዳ በኸሊፋ ዑስማን ቢን ዐፋን ዘመን፣ በ647፣ የመካ ወደብ ሆና ከተሰየመች ጀምሮ በመርከብ የሚመጣው ሑጃጅ ሁሉ፣ ከምጽዋ የሚሻገረው የአገራችን ሰው ጭምር፣ የሚያርፍባት በር ናት። የአሮጌው ከተማ ነዋሪዎች የዝናብ ውኃ በቤታቸው ሥር በተሠሩ ጉድጓዶች ያቁሩ ነበር፤ የቀረው ከውኃ ሻጭ ይገዛል። ይህ የተለወጠው በ1947 ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በወቅፍነት ባቆሙት ዐይኑል ዐዚዚያ በተባለው ሥራ፣ የዋዲ ፋጢማ የምንጭ ውኃ በቧንቧ ጅዳ ሲገባ ነው። ወቅፍ ማለት እንዳይሸጥና እንዳይወረስ ተደርጎ ለበጎ ሥራ የተለየ ንብረት ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሕዝቡ ቁጥር በዝቶ፣ የከርሰ ምድር ውኃም ወደ ታች ርቆ፣ ዐይን ዙበይዳ ደረቀ። መካም ጅዳም አሁን ከቀይ ባሕር ዳር በሹዐይባ ጨዉ ተጣርቶ የሚመጣውን ውኃ ይጠጣሉ። የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ደርብ ዙበይዳን ለዓለም ቅርስነት በዕጩ ዝርዝር አስመዝግቧል፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ካሉት ጥንታውያን ገንዳዎች አንዳንዶቹ ዝናብ ሲጥል እስከ ዛሬ ውኃ ይይዛሉ፤ የአካባቢው አርብቶ አደሮችም ግመሎቻቸውን ያጠጡባቸዋል።